መባውን ትቶ የሄደው ሰው

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመችኝ። ሮቤ ያለው አዳራሻችን ሞልቶ ነበር። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ለስላሳና ዳቦ ታደለ፣ የሚመሰገነው ሁሉ ተመሰገነ። ከዚያ መርሐ ግብሩን የሚመራው ወጣት፣ በልጅነቱ ያስተማርኩት ልጅ፣ ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ ተቀመጥኩበት መጣና፣ «ጋሽ ወንድሙ፣ በዚህ ሁሉ የወንጌላዊነት ዘመንዎ ስንት ነፍሳት ወደ ጌታ እንዳመጡ እስቲ ይንገሩን» አለኝ።

ልጁ ክፋት የለበትም። ጉባኤውን ያነቃቃል ብሎ ነው። እኔ ግን ማይክሮፎኑን ተቀብዬ ቆምኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አገልጋዮች የሚሉትን አውቃለሁ፤ «ጌታ ያውቃል» ብለው ፈገግ ይላሉ፣ ሕዝቡም «አሜን» ይላል። እኔም ያንኑ አልኩ፤ አሜን ተባለልኝ። ቤቴ ስገባ ግን የተሸለምኩትን ሰዓት ሳልሰቅለው ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ያን መልስ የሰጠሁት አምኜ ይሁን የምለው አጥቼ ለራሴም አልለየልኝም። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁትም ያ ጥያቄ አላስተኛ ስላለኝ ነው።

የተወለድኩት ጎባ ነው። አያቴ ከሸዋ መጥተው የሰፈሩ፣ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አማርኛውን ከእናቴ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ስራገጥ ተማርኩ። ወንጌላዊ የሆንኩት በሃያዎቹ ዕድሜዬ ነው። ስፈጠር ጀምሮ ግን ጭንቀታም ነኝ። ሰው ቤት ሄጄ ስመለስ «ምን ብዬ ይሆን ያስቀየምኩት?» እያልኩ መንገዱን ሁሉ እብሰለሰላለሁ። ባለቤቴ ጽጌ ይህን ጠባዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳዋለች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ድንች ተክለህ በማግስቱ አፈሩን እየጫርክ የምታይ ነህ።»

መጀመሪያ የተመደብኩት ዲንሾ ነው። እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ጠዋት ከሚኒባስ ወርደው ሻይ ከሚጠጡ መንገደኞች አጠገብ እየተቀመጥኩ ጨዋታ እጀምር ነበር። መንገደኛ ግን ጆሮውን ሰጥቶህ እግሩን ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ አስተማሪ፣ ሚስቱና አንድ የፖሊስ ሚስት እሑድ እሑድ በአስተማሪው ኪራይ ቤት መሰብሰብ ጀመሩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አስተማሪው ሲዛወር ሚስቱን ይዞ ሄደ፣ የፖሊሷም ሚስት ብቻዋን መምጣት አፍራ ቀረች። ከዚያ አንገቱ ወደምትባል፣ ቡና ወደሚበቅልባት የጫካ ከተማ ላኩኝ። ቡና ነጋዴ የሆኑ አንድ ሐጂ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ሰጡን፤ የመጀመሪያ ልጃችን ሲታመም በጫካው መንገድ በመኪናቸው ያደረሱን እሳቸው ናቸው። ጎረቤቶቻችን ይወዱን ነበር። ወደ ጸሎት ቤታችን የገባ ግን ከእጅ ጣት አልበለጠም። አስተባባሪያችን በየሦስት ወሩ ሪፖርቴን ይቀበልና ከመነጽሩ በላይ አሻግሮ እያየኝ፣ «ወንድሙ፣ አሁንም እንደ አምናው?» ይለኛል። ደሞዙ የወንጌላዊ ደሞዝ ነበር፤ ስለሱ ይህ ይበቃል።

ከአንገቱ ወደ ሮቤ የተመለስኩት ለእድገት አልነበረም። «ማረሚያ ቤት ሲያገለግሉ የኖሩት ጋሽ ገመቹ አርጅተዋል፤ ረዳት ሁናቸው» ተባልኩ። ያኔ እንደ ቅጣት ቆጥሬው ነበር።

ጋሽ ገመቹ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ሳንደርስ ይቆሙና ከኪሳቸው ጨርቅ አውጥተው ጫማቸውን ይወለውላሉ። ጭቃ በሆነበት ክረምት ይህን ሲያደርጉ ሳይ፣ «ጋሼ፣ ገና ግቢው ውስጥ ይጨቀይ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እነዚህ ሰዎች ለብሶ የሚመጣላቸው ዘመድ የላቸውም» አሉኝ። «እኛ እንኳ ለእነሱ ብለን እንልበስ።»

በሩ ላይ ሳይጠየቁ ኪሳቸውን ይገለብጣሉ። ለፈታሹ ፖሊስ ሰላምታ ሲሰጡ የልጆቹን ስም ጠርተው ነው። ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ ከታራሚዎቹ ዝቅ ያለ ቦታ ይመርጣሉ። ማንንም «ምን አድርገህ ገባህ?» ብለው አይጠይቁም። ዳቦ ሳይሆን ሳሙና ይዘው ይመጣሉ፤ ዳቦ ጠብ ያመጣል፣ ሳሙና ግን ይከፋፈሉታል ይሉ ነበር። ንባቡን አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በኦሮምኛ፣ ለሕፃን እንደሚያነቡ ቀስ ብለው ያነቡና መጽሐፉን ይዘጋሉ። «ገባችሁ?» አይሉም። «ምን አያችሁ?» ነው የሚሉት። መልስ ካልመጣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፤ ዝምታው እኔን ያስጨንቀኝ ነበር።

እኔ ተራ ሲደርሰኝ ረጅም ስብከት ሰበክሁ። ስጨርስ «ዛሬ ሕይወቱን ለጌታ መስጠት የሚፈልግ እጁን ያንሳ» አልኩ። አንድ ሰው አነሳ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛውን በዓይኔ ስፈልግ ጋሽ ገመቹ የኮቴን ጫፍ ሳብ አደረጉኝ። ስንወጣ መንገድ ላይ፣ «ዘርተህ ስታበቃ ማሳው ላይ አትቁም፤ ትረግጠዋለህ» አሉኝ። ተቀየምኩ። በበነጋው ለአስተባባሪው የምነግረው ሁለት እጅ አግኝቼ ነበራ።

ከእነዚያ ሁለት እጆች አንዱ የስንታየሁ ነበር። ስንታየሁ የጎባ ልጅ ነው፤ በድብደባና በዘረፋ የተፈረደበት። ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ድምፁ ያማረ፤ አዲስ ኪዳን ስሰጠው በሁለት ወር ጨርሶ ጥያቄ ይዞ ጠበቀኝ። ሲጸልይ ያለቅሳል። ጠብ ሲነሳ ገላጋይ ሆነ። ፖሊሶቹ ሳይቀሩ «የእርስዎ ልጅ ተለውጧል» ይሉኝ ጀመር። ማክሰኞ እስኪደርስ እናፍቅ ነበር፤ እሱን ማየት ብርታት ሆኖኝ ነበርና።

በዚያው ክፍል ለማ የሚባል ከዲንሾ ወዲያ ያለ ገበሬ ነበር። በገብስ ማሳ ድንበር የተነሳ ጎረቤቱን ገድሎ የገባ ነው። ሁልጊዜ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ የቃጫ ገመድ ይገምዳል። ስናነብም ይገምዳል፣ ስንጸልይም ይገምዳል። ዓይኑን አያነሳም። አንድ ቀን ስሙን ጠርቼ «ለማ፣ አንተስ ምን አየህ?» ስለው ገመዱን ጠበቅ አደረገ። ጋሽ ገመቹ ሲገቡም ሲወጡም ለእሱ የሚሰጡት ሰላምታ ለስንታየሁ ከሚሰጡት አያንስም፣ አይበልጥም። ይህ ያናድደኝ ነበር። አንዱ ያብባል፣ አንዱ ድንጋይ ነው፤ እንዴት እኩል ይሆናሉ?

ስንታየሁ በአመክሮ ሊፈታ ሲል ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ዋስ ሆንኩለት። «እኔ አውቀዋለሁ» አልኳቸው። የአዳራሹ ጥበቃ አድርገው ቀጠሩት። እሑድ በር ላይ ቆሞ አሮጊቶችን ደግፎ ሲያስገባ ምእመናኑ ወደ እኔ እያዩ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ጋሽ ገመቹ ያኔ ደም ግፊት ጥሏቸው፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ጎባ ቤታቸው ተኝተዋል። እየሄድኩ ስለ ስንታየሁ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን «ለማስ?» ይሉኛል።

ዓመት አልሞላም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስንታየሁ አረቄ ቤት ውስጥ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር ተጣላ። መጠጣት መጀመሩን ማንም አላወቀም ነበር። በስለት ወጋው። ሰውየው ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ፤ ስንታየሁ እዚያው ተያዘ።

ስልኩ ሲደወልልኝ ጽጌ አጠገቤ ነበረች። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሟቹ አልነበረም፤ ስለ ስንታየሁም አልነበረም። «እኔ አውቀዋለሁ» ያልኩት ድምፄ ነው በጆሮዬ የጮኸው።

ሽማግሌዎቹ ለቅሶው ጋ እንዳልሄድ መከሩኝ፤ ነገር ይከርራል አሉ። ቤት መቀመጡ ግን የባሰ ሆነብኝና ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ለሟቹ ሚስት በጆሮዋ ነገራት፤ ወጣት ናት፣ ሕፃን ታቅፋለች። ተነስታ መጥታ ፊቴ ቆመች። 

«ለዚያ ልጅ ዋስ የሆኑት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ምን አይተውበት ነው?»

አልጮኸችም። ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ሲጸልይ አይቻለሁ። ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሁሉንም አይቻለሁ። አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ቆማ ጠበቀችኝና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር።  መድረክ ላይ ቆሜ ስለ አዲስ ሕይወት ስናገር በሰው ሁሉ ፊት ላይ ያችን ሴት አያለሁ። ሽማግሌዎቹ የማረሚያ ቤቱ አገልግሎት ለጊዜው ይቁም አሉ፤ አልተከራከርኳቸውም። እንዲያውም እፎይ ያልኩ መሰለኝ። አንድ ሰኞ ወደ ጎባ ሄጄ ለጋሽ ገመቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ሰሙኝ። እንባቸው በደኅናው ጉንጫቸው በኩል ወረደ። በተሳሰረ አንደበትም፣

«ነገ ማን ይሄዳል?» አሉኝ።

«ወዴት ጋሼ?»

«ማክሰኞ አይደለም እንዴ?»

«ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ይቁም ብለዋል።»

«ለጊዜው ማለት ስንት ማክሰኞ ነው?» አሉና ጨመሩ፦ «ስንታየሁ አሁን እዚያው ነው ያለው። ሳሙና አይኖረውም።»

ከሽማግሌዎቹ ጋር ከብዙ ምልልስ በኋላ ተፈቀደልኝና ተመለስኩ፤ ብቻዬን። ስንታየሁ ሌላ ክፍል ገብቷል፤ ረጅም ዓመት ተፈርዶበታል። ወደ ትምህርቱ አልመጣም። ጠያቂ መጥቶልሃል ሲሉት «ታምሜያለሁ በሉት» ይላል። ሳሙናውን በሰው እልክለታለሁ። ለማ ግን እዚያው ግድግዳው ጋ ነበር፤ ገመዱም እንደዚያው።

ጋሽ ገመቹ በዚያ ክረምት አረፉ። በመጨረሻዎቹ ቀናት «ይህ ሁሉ ልፋትዎ የት ገባ ይሆን?» ብዬ ልጠይቃቸው ፈልጌ አፌ ላይ ቀረ። ስንቀብራቸው ከማረሚያ ቤት የወጡ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው መጥተው ያየሁት። በሕይወታቸው ስንት ሺህ ሰላምታ ሰጥተዋል፤ መጥተው የቀበሯቸው ግን ሦስት። ለአስተባባሪ ሪፖርት ብጽፈው ያሳፍር ነበር።

አንድ ቀን ከለማ አገር ሽማግሌዎች መጡ። በባሌ ደም የፈሰሰበት ነገር በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። ጉማ አለ፤ ገዳይ ያጠፋውን አምኖ፣ በሽማግሌ ለምኖ፣ ካሳ ከፍሎ ሁለቱ ቤተሰቦች ካልታረቁ ደሙ እንደተከፈተ ይቆያል። የሟቹ ወንድም ደግሞ «ለማ ሲፈታ እጠብቀዋለሁ» ብሎ ምሏል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ለማ መለመኑን ብቻ ፈለጉ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

«የሞተውም እሱ፣ የጀመረውም እሱ» አለ ለማ። «እኔ ምን ብዬ ነው የምለምነው?»

በዚያ ሁሉ ዓመት ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሄዱ።  በየማክሰኞው ስለ ይቅርታ ያነበብነው ሁሉ በዚህ ሰው ላይ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሄዷል ማለት ነው።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ለማ ተፈታ። በሩ ላይ ጠበቅሁት። ማዳበሪያ ከረጢት ይዟል፣ በትከሻው ላይ የገመደውን ገመድ ጠቅልሎ አንግቷል።

«ለማ፣ ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ቤቴ።»

«መጀመሪያ ሽማግሌ ይቅደም። እስቲ ለትንሽ ቀን እኛ ዘንድ እረፍ።»

«ገብሱ ደርሷል» አለኝና ወደ መናኸሪያው አቀና። ሚኒባሱ ውስጥ ሲገባ ዞር አላለም።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍኳቸውን ሳምንታት ጽጌ ብትጽፋቸው ይሻል ነበር። ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ። መናኸሪያ እየሄድኩ የዲንሾ ሾፌሮችን «ምን ወሬ አለ?» እላለሁ፤ እነሱም «ምን ወሬ አለ ጋሼ፣ ብርድ ነው» ይሉኛል። ወሬ ከሌለ ገና ነው እላለሁ፤ ወሬ ካለ ደግሞ ደም ነው ብዬ እፈራለሁ። ጸሎቴ ራሱ ዜና መጠየቅ ሆነ። «ጌታ ሆይ፣ መንግሥትህ ትምጣ» ብዬ እጀምርና ሳላውቀው ለማን በአንድ እጁ ድንጋይ፣ የሟቹን ወንድም በአንድ እጁ ጦር አስይዤ በሐሳቤ እያፋለምኩ አገኘዋለሁ ራሴን። ጌታ በምሳሌው ዘር የዘራው ገበሬ ተኝቶ ይነሳል፣ ዘሩም እሱ ሳያውቀው ይበቅላል ብሏል። ስንቴ ሰብኬበታለሁ! እኔ ግን አልተኛሁም።

«ሂድና አይተህ ተመለስ ልልህ ነበር» አለችኝ ጽጌ አንድ ጠዋት። «ግን ብትሄድ ለእሱ ነው ወይስ ለራስህ?»

አልሄድኩም።

ገብስ ከታጨደ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ዝናብ እየጣለ በራችን ተንኳኳ። ኮፍያቸው የራሰ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ከዚህ በፊት ለማን ሊያነጋግሩ ማረሚያ ቤቱ መጥተው ከነበሩት አንዱ። ሐጂ ቃሲም ይባላሉ።

«ኦቦ ወንድሙ፣ አካም ጅርቱ? ልጄ ጋ ሮቤ መጥቼ ሳልነግርዎት ብሄድ ደግ አይደለም ብዬ ነው።»

 ወንበር እንኳ ሳልሰጣቸው፣ «ማን ሞተ?» አልኳቸው።

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ!» አሉና ሳቁ፤ ከዚያ ፊቴን አይተው ሳቃቸውን ዋጡ። ጽጌ አስቀመጠቻቸው፣ ሻይ ሰጠቻቸው። እንዲህ ብለው አወጉን፦

ለማ አገሩ እንደገባ ገብሱን አላጨደም። ቤቱ አንድ ቀን አድሮ፣ የይቅርታ ልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭቶ በእጁ ይዞ፣ ማንንም ሽማግሌ ሳያስቀድም ወደ ሟቹ እናት ወደ አዴ ዘሃራ ቤት ሄደ። አጥሩ ውስጥ አልገባም። ከመንገዱ ማዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። የሟቹ ወንድም ሲያየው መጥረቢያ ይዞ ወጣ፤ ጎረቤት ተረባርቦ ያዘው። ለማ አልተነሳም። ምሽት ሲሆን ሄደ፣ ጠዋት ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀን በረዶ ጣለ። ቦታውን አለቀቀም።

«አዴ ዘሃራ ምን አለች መሰለዎት?» አሉ ሐጂ ቃሲም። «“ይህ ሰው እዚህ ደጄ ላይ በብርድ ሞቶ ሌላ ደም ሊያመጣብኝ ነው፤ ተነስ በሉት!” ብላ የከብት ቆዳ ላከችለት። እሱም ለብሶት ተቀመጠ። እኛን ያስጠራችን ያኔ ነው።»

«ታረቁ?»

«ጉማው ተጀመረ። ከብቱም ተነዳ። የሟቹ ወንድም መጥረቢያውን አስቀምጧል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ፊቱን አታየውም፤ ሲያልፍ ዞር ትላለች። ወላሂ፣ እናት ናት፤ ምን ይደረጋል? ጊዜ ይፈልጋል።»

ልቤ ዘለለ። አላፍርም፤ «የኛ ትምህርት!» ብዬ ነው የዘለለው። «ለምን እንደመጣ ተናገረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ስሜን ወይም የጋሽ ገመቹን ስም እየጠበቅሁ።

«ጠየቅነው እንጂ! “እስር ቤት ሳለህ መጥተን ስንለምንህ እምቢ ያልክ ሰው ዛሬ ምን አመጣህ?” አልነው። ስንታየሁ የሚባል አንድ ልጅ ነበር አለ፤ በፊት አብሮት ታስሮ የነበረ። ማታ ማታ መጽሐፍ ያነብለት ነበር። ለማ ፊደል አያውቅም። አንድ ቀን ስለ አንድ ሰው አነበበለት፤ ለአምላኩ መባ ይዞ ሲሄድ የተጣላው ወንድሙ ትዝ ቢለው መባውን እዚያው ትቶ ሊታረቅ ይሂድ የሚል። ለማ “እና ሰውየው ደረሰ? ወንድሙ ተቀበለው?” ይለዋል። ልጁ ገልጦ ገልጦ፣ “መጽሐፉ አይናገርም” አለው። በሌላ ቀንም ጠየቀው፤ ልጁ እንደገና ፈለገ፤ የለም። ለማ ይህ ነገር ለዓመታት አላስተኛኝ አለ። “ሰውየው ደርሶ እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም፤ እስቲ እኔ ሄጄ ልየው ብዬ ነው” አለን።»

ሐጂ ቃሲም ከሄዱ በኋላ ጽጌ ሰሃኑን እያነሳች ቀና ብላ አየችኝ። አለቅስ ነበር። ያ የለማ ጥያቄ ከጀርባችን ሲጠየቅ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ እጅ እቆጥር ነበር። ያነበበለት ደግሞ ጠፋ ብዬ ያለቀስኩለት ልጅ ነው። ያችን የሹፌር ሚስት አስታወስኩ። ይህ ወሬ ለእሷ ምን ይጠቅማታል? ባሏን አይመልስላትም። ደስታዬን ሙሉ እንዳላደርገው ይህ አሁንም ይይዘኛል፤ ሊይዘኝ የሚገባ ይመስለኛልና አልታገለውም። ጋሽ ገመቹም ሳይሰሙት ሄዱ። «ለማስ?» ሲሉኝ ምን አይተው ነበር? ምንም ያዩ አይመስለኝም።

ማክሰኞ ማረሚያ ቤት ሄጄ ስንታየሁን አስጠራሁ። «ከዲንሾ ወሬ አለኝ በሉልኝ» አልኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ መጣ። በሽቦው ማዶ ቆመ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ዓይኑን ጨፈን ጨፈን ያደርጋል። ሰላምታዬን መሬት እያየ ተቀበለ።

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። በመካከል ሽቦውን ያዘ። 

«ጋሼ፣ አይሳሳቱ» አለኝ ስጨርስ። «እኔ እኮ ያኔም ማመኔን እንጃ። ያነበብኩለት እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ ነው። እሱም ገመዱን እየገመደ ስለማይተኛ።»

«እኔም ስንት ቀን ሳላምን ሰብኬያለሁ፣ ስንታየሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። «የእውነት ደረሰ?» አለ። «ሴትየዋ ተቀበለችው?»

«ቆዳ ልካለታለች። ፊቱን ግን ገና አላየችውም።»

ራሱን ነቀነቀ። የሹፌሩን ሚስት ስም ጠርቶ፣ «እሷስ እንዴት ናት?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው፤ ከለቅሶው ወዲህ ደጇን አልረገጥኩም። «እንግዲህ ጡረታ ወጥተዋል፣ ጊዜ አለዎት» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። እስካሁን ሁለት ጊዜ እስከ ሰፈሯ ሄጄ ተመልሻለሁ።

ፖሊሱ ሰዓት አልቋል ሲል ስንታየሁ ሊሄድ ዞረና ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ሳሙናው ይቅርና የማንበቢያ መነጽር ቢያመጡልኝ። ዓይኔ ደክሟል።»

ለምን እንደፈለገው አልጠየቅሁትም። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ መንገድ ዳር መነጽር ከሚሸጥ ሰው ፊት ቆሜ አንዱን አንስቼ አንዱን ሳስቀምጥ ሻጩ ተሰላቸብኝ። «ለማን ነው አባባ?» አለኝ። «እዚህ ላልመጣ ሰው» አልኩት። «ካልመጣ ልኩ እንዴት ይታወቃል?» አለ። እኔም እሱን ነበር የማላውቀው። ዕድሜያችን አይቀራረብም፤ ለእኔ የሚሆነኝ ለእሱ ይበዛ ይሆናል። ቢያንሰው ፊደሉ ይጠፋበታል፣ ቢበዛ ራሱን ያመዋል። መጨረሻ ላይ መካከለኛውን ገዛሁና ማክሰኞ በሩ ላይ ለፖሊሱ ሰጥቼ ወጣሁ።

ልኩ ይሁን አይሁን ገና አልሰማሁም።